የሟርተኞች ሰፈር ገመድ

የዚያን አገር ስም የሚያውቁት ሰዎች ይደብቁታል፤ የማያውቁት ደግሞ ታሪኩን ሲሰሙ የየራሳቸውን አገር ስም ይሰጡታል። ስለዚህ ስሙ ይቅር። የሚታወቀው፣ ከተራራው አናት ላይ ትልቅ ሐይቅ እንደነበረውና ውሃውን የሚይዙ ሁለት በሮች እንደነበሩት ነው። ላይ በር ሲከፈት የሐይቁ ውሃ በግንብ ወደታጠረ ኩሬ ይወርዳል። ኩሬው ሲሞላ ላይ በር ይዘጋና ታች በር ይከፈታል፤ ያን ጊዜ የኩሬው ውሃ ብቻ በቦዩ አልፎ ማሳውን ያጠጣል። አገሩ የሚበላው ሁለቱ በሮች ተራ ስለሚጠባበቁ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢከፈቱ ሐይቁ እንዳለ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚናገረው ግን አልነበረም፤ መናገር ክልክል ነዋ።

ክፉ ነገር ሳይመጣ በአፍ መጥራት በዚያ አገር ሟርት ይባላል፤ ሟርት ደግሞ ከስርቆት በላይ ያስቀጣ ነበር። "ይህ ምሰሶ ቢወድቅስ?" ያለ ሰው ምሰሶው ከወደቀ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ባይወድቅም ጥፋተኛ ነው፤ ምሰሶውን አስደንግጦታልና። ለዚሁ ሥራ የተሾመ የሟርት ሹም ነበር፤ አሥራደ ይባላል። አሥራደ በሄደበት ሁሉ አንድ ቅርጫት ዳቦ ያስይዛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሟረተ ሰው አፉ በዳቦ ይደፈናልና። (በድርቅ ዓመት ሟርተኛ በጣም ይበዛ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ሕዝቡን ምን ነካው እያለ ይገረማል።) ሁለተኛ ጊዜ ያሟረተ፣ ካፉ የወጣው ይድረስበት ተብሎ ከታች በር ሥር፣ ከቦዩ ዳር ካለው ሰፈር ይሰፍራል። እዚያም ሆኖ አፉን ያልያዘ፣ ባሟረተ ቁጥር ቤቱ አሥር እርምጃ ወደ ውሃው ይጠጋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አደጋን አስቀድሞ የሚያይ ሰው ሁሉ አደጋው በሚደርስበት ቦታ ተሰብስቦ ይኖር ነበር።

በሮቹ አይመረመሩም እንዳይባል በየዓመቱ ይመረመራሉ። የበር ሹማምንት ካባ ደርበው፣ ጥላ አስይዘው ይወጡና በሩ ፊት ቆመው ሰላምታ ያቀርባሉ። እንደምን ከረምሽ? ደህና ነሽ ወይ? ማጠፊያሽ ደህና ነው? ሰንሰለትሽስ? በረኛው ከበሩ ጀርባ ተደብቆ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። አራት ጊዜ ተጠይቆ አራት ጊዜ ደህና ካለ ማኅተም ይመታል። ታምሜያለሁ ያለ በር እስከዛሬ አልታየም።

የእነዚህን በሮች ደንብ የምትጽፈው አጀቡሽ ትባል ነበር። ሥራዋ መገልበጥ ነው እንጂ ማሰብ አይደለም፤ ሲሾሟትም እንዲህ ብለው ነው ያስማሏት። ሃያ ሦስቱን የበር ደንቦች ብራና በብራና ስታድስ አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። አባቷ ቢያድግልኝ የሸማኔ ዕቃ የሚጠርቡ አናጢ ነበሩ። አንድ ቀን ታች በርን ሲጠግኑ ማጠፊያው ተበልቷል፣ አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል ብለው ዳቦ ቀመሱ። ዳቦውን አላምጠው ውጠው በሳምንቱ ያንኑ ደገሙት። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሟርተኞች ሰፈር ናቸው።

ነገር የተነሳው ከንጉሡ መዋኛ ነው። ንጉሡ ከኩሬው ጎን ሦስተኛ በር አስከፍተው ለአዲሱ መዋኛቸው ውሃ ሊስቡ ፈለጉ። በሯ ትንሽ ናት፤ ክፋት የለባትም። ክፋቱ የመጣው ከክብሯ ነው። የንጉሥ በር ስትከፈት ከበሮ ይመታል፤ ከበሮ እየተመታ ደግሞ ሥራውን ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው ሊኖር አይገባም። ሹማምንቱ ሦስት ሳምንት ተሰብስበው ሃያ አራተኛውን ደንብ አወጡ፦ "የንጉሥን ከበሮ የሰማ በረኛ ሁሉ የያዘውን ትቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ዞሮ ይስገድ። ከበሮው ሲያበቃ ወደሚቀጥለው ሥራው ይለፍ። ወደተወው ሥራ መመለስ ከበሮውን እንቅፋት ማለት ነውና ክልክል ነው።"

አጀቡሽ "ይለፍ" የሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። ላይ በርን የሚጠብቀው ላቀው የሚባል ደግ፣ ወፍራም ሰው ነው። በሩን ሲዘጋ ቀንድ ይነፋል፤ የታችኛው በረኛም ቀንዱን ሲሰማ የራሱን በር ይከፍታል። የላይኛው መዘውር ከባድ ስለሆነ ላቀው ጠምዝዞ ሲጨርስ ለቀንድ የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ይነፋና ከዚያ ይዘጋል። የታችኛው በረኛ መዘውሩን እስኪያላቅቅ ላቀው ዘግቶ ይጨርሳል፤ ሃያ ዓመት በዚህ ኖረዋል፤ ማንም አልተጎዳም። አሁን ግን ቀንዱ ተነፍቶ በሩ ሳይዘጋ ከበሮው ቢመታስ? አጀቡሽ ለራሷ እንኳን ልትጨርሰው አልደፈረችም። አሥራደ ቅርጫቱን አስይዞ ከመስኮቷ ሥር እያለፈ ነበር።

የበሩ ምረቃ ሊጀመር አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ምረቃው ሰባት ቀን ይቆያል፤ ከበሮው የሚመታው በሰባተኛው ቀን ነው። አጀቡሽ ደንቡን ገልብጣ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ አሸዋ ነስንሳ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ አባቷ ወረደች።

በሟርተኞች ሰፈር ሰው ሁሉ ወገቡን በገመድ ያስራል፤ ሌላው ጫፍ ከዳገቱ ቋጥኝ ጋር ታስሯል። ውሃው ቢመጣ ይዞ እንዳይሄዳቸው ነው፤ እንዲህ ብሎ መናገር ግን ሟርት ስለሆነ፣ ሹም ሲጠይቃቸው ጌጥ ነው ይላሉ። ስለ ጌጥ የወጣ ደንብ የለም። የቢያድግልኝ ገመድ ከቋጥኙ እስከ በራቸው ደፍ ይደርሳል፤ ቤታቸው ሦስት ጊዜ ስለተገፋ ከዚያ ወዲያ አልተረፈም። ከደፉ እስከ ውሃው ዘጠኝ እርምጃ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ውሃ ዳር ኖረው እግራቸውን ነክረው አያውቁም።

ቤቱን የሞላው አንድ የእንጨት ዕቃ ነበር። ቢያድግልኝ ዟሪት ይሏታል። የሸማኔ ዕቃ ትመስላለች፣ ሸማ ግን አትሠራም። እያንዳንዱ የበር ደንብ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት አንድ ሰሌዳ ነው፤ በሮቹ ደግሞ ችካሎች ናቸው። ከቦዩ በአሸንዳ የተጠለፈ ውሃ መንኮራኩሯን ይዘውራል፤ መንኮራኩሯ ችካሎቹን ደንቦቹ በሚፈቅዱት መንገድ ሁሉ ታስኬዳቸዋለች። ቀንድ ቀድሞ፣ ቀንድ ዘግይቶ፣ አንዱ በር ሙሉ፣ ሌላው ግማሽ ሆኖ። ሰው አስቦ የሚታክተውን እሷ አትታክትም፤ የሄደችበትን መንገድ አትደግምም፣ ያልሄደችበትን አታስቀርም። መሄጃ ሲያልቅባት ትቆማለች። የበር ሹማምንት በየወሩ እየመጡ ያይዋታል፤ መጫወቻ ናት ብለው ስቀው ይሄዳሉ።

አጀቡሽ ስለ ሃያ አራተኛው ደንብ ስትነግራቸው ቢያድግልኝ ሲጠርቡት የነበረውን እንጨት አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ደንቡን ስቀርጽላት ዟሪት መንገዱን ታገኘዋለች። ከእሱ ሌላ አንድ ሰሌዳ ብቻ ጎድሏታል።"

"የምን ሰሌዳ፣ አባባ?"

"መሆን የሌለበትን የምታውቅበት። የምንፈራውን ካልነገርናት ክፉውንም ደጉንም እኩል ታልፈዋለች። ብንነግራት፣ እዚያ የሚያደርስ መንገድ ያገኘች ለታ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ደወሏ ይጮህና በየት በኩል እንደደረሰች ጨሌ በክር ሰክታ ታወርድልናለች።"

ሰሌዳውን መቅረጽ ግን ሟርት ነው፤ ቅጣቱም አሥር እርምጃ። ሁለቱም ወደ ደጅ፣ ወደ ዘጠኙ እርምጃ አዩ። አጀቡሽ ደብቀው ቢቀርጹትስ ብላ ጠየቀች። አባቷም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደወሉ ቢጮህም የሟርተኛ ደወል ነው ይባላል እንጂ ከበሮውን የሚያስቀር የለም አሏት። አጀቡሽ ዳገቱን ስትወጣ እንባዋ ይወርድ ነበር። አባቷ በሰባተኛው ቀን ከነገመዳቸው ሲሄዱ ታያት።

ቢሮዋ ገብታ የደንቡን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ አነበበችው። አሥራ አራት ዓመት ገልብጣው ኖራለች፤ ለመረዳት ስታነበው ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለተኛው ደንብ እንዲህ ይላል፦ "በበር ምረቃ የየሰፈሩ አንጋፋ ይመርቅ፣ ንጉሥም አሜን ይበል፤ ንጉሥ አሜን ያለው ቃል ደንብ ሆኖ ይጻፍ።" አጀቡሽ የመራቂዎቹን ዝርዝር አወጣችና ከሥር አንድ ስም ጨመረች፦ ከሟርተኞች ሰፈር፣ ቢያድግልኝ።

በዚህ ሹማምንቱ ሁለት ቀን ተከራከሩ። አንዱ ሟርተኛ ይመርቃል ወይ አለ። ሌላው የለም፣ ጥያቄው ሰፈር ነው ወይስ ቅጣት ነው የሚለው ነው አለ። ሦስተኛው መዝገብ አስመጥቶ ሲያይ ቦታው "ሰፈር" ተብሎ የተጻፈው በራሱ በአሥራደ እጅ ነው። ሰፈር ከሆነ አንጋፋ አለው፣ አንጋፋ ካለው ይመርቃል። አሥራደ ተሸነፈ፤ ግን ቅርጫቱ ከመራቂው ጎን ይቆማል ብሎ አስወሰነ።

በመጀመሪያው ቀን አጀቡሽ አባቷን ልታመጣ ወረደች። ወገባቸው ላይ ያለው ቋጠሮ ግን አሥራ አንድ ዓመት ዝናብና ፀሐይ አጥብቆት አልፈታ አለ። በቋጥኙ በኩል ያለውን ጫፍ ፈቱና ቢያድግልኝ የተረፈውን ገመድ ክንዳቸው ላይ ጠቅልለው ንጉሡ ፊት ቀረቡ። ንጉሡ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። "ጌጥ ነው፣ ጃንሆይ" አሉ ሽማግሌው።

የየሰፈሩ አንጋፋዎች ተራ በተራ መረቁ። ዕድሜ ይስጥዎ፣ ጤና ይስጥዎ፣ ጠላትዎ ይውደቅ። ከእያንዳንዱ በኋላ ንጉሡ ዓይናቸውን ጨፍነው አሜን ይላሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ፀሐዩ በርትቷል፤ ንጉሡ በእንቅልፍና በጸሎት መካከል ነበሩ። የቢያድግልኝ ተራ ደረሰ። እጃቸውን ዘረጉ።

"ላይ በርና ታች በር በአንድ ጊዜ ከመከፈት ይሰውራችሁ።"

ያን ቃል ሰው ሁሉ በሆዱ ይዞት ኖሯል፤ ከአፍ ሲወጣ የሰማው ግን አልነበረም። አሥራደ ከቅርጫቱ አንድ ዳቦ አንስቶ እጁን አነሳ። ነገር ግን የተዘረጋ እጅ ፊት ዝም ብሎ የሚቆም ሰው በዚያ አገር አልተወለደም፤ ንጉሡም ዓይናቸውን ሳይገልጡ "አሜን" አሉ። ሕዝቡ "አሜን" ብሎ አስተጋባ። አሥራደ ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። አጀቡሽ ሃያ አምስተኛውን ደንብ ጻፈች።

ደንብ ከሆነ ደግሞ ሰሌዳ ሆኖ ቢቀረጽ የሚከለክል የለም። አጀቡሽ ለንጉሡ፣ አሜን ያሉበት ቃል መፈጸም አለመፈጸሙን የምታይ ዕቃ ሟርተኞች ሰፈር እንዳለች አስታወቀች። ንጉሡ በሦስተኛው ቀን የቀረበላቸው አራት ሰዓት የሚፈጅ የሹማምንት ንግግር ነበር፤ ስለዚህ ዕቃዋን ማየት መረጡ። ንጉሥ ወደዚያ ሰፈር ሲወርድ የመጀመሪያው ነው። ባለ ገመዶቹ ጎንበስ ብለው ተቀበሉ።

አሸንዳው ተከፈተ፣ ዟሪት መዞር ጀመረች። ሰሌዳዎቿ ይነሳሉ ይወድቃሉ፣ ችካሎቹ ይሄዳሉ ይመጣሉ። ቀትር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ደወል አልተሰማም። አሥራደ አጨበጨበ፤ ሹማምንቱም ተከትለው አጨበጨቡ፤ በሮቹ እንደወትሮው ደህና ናቸው ተባለ። ቢያድግልኝ ግን አላጨበጨቡም። መሄጃ ስታጣ የምትቆምበትን ቦታ ያውቁታል፤ ይህ አልነበረም። ልጃቸውን አይተው በአገጫቸው ወደ ደወሉ አመለከቱ። አጀቡሽ ሄዳ እጇን ደወሉ ውስጥ ከተተች። ያወጣችው ዳቦ ነበር።

አሥራደ አላፈረም፤ ያለ በዓል የሚጮህ ደወል ሟርተኛ ነው፣ የመጀመሪያ ጥፋት ቅጣት ደግሞ ይኸው ነው አለ። ንጉሡ ዳቦውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ዟሪት ዳግም እንድትዞር አዘዙ። ቀትር ላይ የቆመችበት ቦታ ስትደርስ ደወሉ ጮኸ። ከሥሯ ባለው ሣጥን ስድስት ጨሌ የተሰካበት ክር ወረደ።

አጀቡሽ ጨሌዎቹን አንድ በአንድ እየያዘች አነበበች። ላይ በር ተከፍቷል። ኩሬው ሞልቷል። ላቀው ቀንድ ነፋ። የንጉሥ ከበሮ ተመታ፣ ሁሉም ሰገደ። ከበሮው አበቃ፣ ላቀው ሊዘጋው የነበረውን በር ትቶ ወደሚቀጥለው ሥራው አለፈ። ቀንድ የሰማው የታችኛው በረኛ የራሱን ከፈተ። የጠራችው ሁሉ በንጉሥ ማኅተም የወጣ ደንብና የታወቀ ልማድ ነው፤ ሟርት የሚባል አንድ ቃል አልነበረበትም።

ላቀው ተጠራ። ቀንዱን መቼ ነው የምትነፋው ተባለ።

"ከመዝጋቴ በፊት ነው፣ ጃንሆይ። ከዘጋሁ በኋላ ትንፋሼ ያልቃል።" አለና ፊቱ በላብ ተጠመቀ። ሚስቱ እህቷን የዳረችው ለዚሁ ሰፈር ሰው ነበር።

ንጉሡ ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው ብለው ጠየቁ። ሁሉም የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ነውና ጣቱን የሚቀስርበት አጣ። አሥራደ ደወሉ ይቀጣ አለ። ንጉሡ በእጃቸው የያዙትን ዳቦ አዩና መልሰው ሰጡት። "እስክንጨርስ ይህን ብላ" አሉት። ዳቦው የሰነበተ ነበር፤ ሲያላምጥ ዋለ።

መፍትሔው ቀላል መስሏቸው ንጉሡ ራሳቸው ተናገሩት፦ ላቀው መጀመሪያ ይዝጋ፣ ከዚያ ይንፋ። ሰሌዳው ተቀይሮ ዟሪት ዞረች። ደወሉ ጮኸ። ጨሌው ሲነበብ፣ ላቀው መዝጋት ይጀምራል፣ ከበሮ ይመታል፣ ይሰግዳል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሥራው ያልፋል፤ የሚቀጥለው ሥራው ደግሞ ቀንድ መንፋት ሆኗል። በሩ ሳይዘጋ ተዘጋ ብሎ ይነፋል። ንጉሡ ሳቁ፤ የተያዘ ሰው ሳቅ ነበር። ሹማምንቱ መሳቅ ይገባ እንደሆነ ሳያውቁ ቀሩ።

ያን ጊዜ አጀቡሽ ልቧን ጠበቅ አድርጋ ተናገረች። "ጃንሆይ፣ እንቅፋቱ ቀንዱ አይደለም። ሃያ አራተኛው ደንብ ነው።"

በራሳቸው በንጉሡ ከበሮ ላይ የወጣ ክስ ነው። ቢያድግልኝ የገመዳቸውን ጫፍ አጥብቀው ያዙ። ንጉሡ ግን፣ የሰገደ በረኛ ተነስቶ የተወውን ሥራ ይጨርስ፣ ከበሮው አይቀየምም አሉ። አጀቡሽ እዚያው ጻፈችው፣ ቢያድግልኝ ቀረጹት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዟሪት ለመጨረሻ ጊዜ ልትዞር ተዘጋጀች። አጀቡሽ መጀመሪያ ወደ ደወሉ ሄዳ በእጇ መታችው፤ ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ሰማ። ከዚያ አሸንዳው ተከፈተ። ዟሪት ቀትርን አለፈች። ላቀው ቀንዱን አቅፎ ተቀምጧል። ባለ ገመዶቹ በየደፋቸው ቆመው ያያሉ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሰሌዳዎቹ ሁሉ ወደ መጀመሪያ ቦታቸው ተመለሱ፤ መንኮራኩሯም መሄጃ አጥታ ቆመች። አጀቡሽ እጇን ደወሉ ውስጥ ከተተች። ባዶ ነበር። ሣጥኑን ከፈተች። ጨሌ የለም።

"አለቀ?" አለ ላቀው።

"ይኸኛው ፍርሃት አለቀ" አሉ ቢያድግልኝ። "ያልጠየቅናትን አትጠብቅልንም።"

ላቀው በተቀመጠበት እንደ ልጅ አለቀሰ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ዘፈን ጀመረ፤ እንዲህ ላለ ነገር የወጣ ሥነ ሥርዓት ስላልነበረ ሁሉም የመሰለውን አደረገ። ንጉሡ እንኳን ጥላቸውን ረስተው ነው የወጡት።

በሰባተኛው ቀን ከበሮው የተመታው ላቀው መዘውሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው፤ በሩ ግማሽ ደርሷል። ለቆ ሰገደ። ከበሮው ሲያበቃ ተነስቶ መዘውሩን ጨረሰ። ከዚያ ትንፋሹ እስኪመለስ ቁጭ አለ። ከዚያ ነፋ። ሟርተኞች ሰፈር ያሉት ቀንዱ እንደዚያ ቀን ቀጭንና ሰባራ ሆኖ ሰምተውት አያውቁም፤ ታች በር ተከፈተ፣ የኩሬው ውሃ ብቻ በልኩ መጥቶ በደጃቸው አለፈ።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ የሰፈሩ ሰዎች ይጠራሉ፤ የሚፈሩትን በምርቃት ይናገራሉ፣ ቢያድግልኝ ይቀርጻሉ። ለዓመታት መፍራት ሥራቸው የነበረ ሰዎች ስለሆኑ ሰሌዳ አልጎደለም። አሥራደ ከሹመቱ አልተሻረም፤ ዟሪት ከመዞሯ በፊት ደወሉን በእጁ መትቶ ለሕዝብ የሚያሰማው እሱ ነው። በጣም ተጠንቅቆ ይመታል።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አጀቡሽ አባቷ ደጅ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ቋጠሮውን ትታገል ነበር። ጥፍሯ ተሰበረ። ቢላዋ ላምጣ ስትል ተይ፣ ደህና ገመድ ነው፣ ልብስ ይሰጣበታል አሏት። በጥርሷ ያዘችና ሳበች፤ መጀመሪያ አንዱ ጅማት ላላ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ገመዱ በወገባቸው ዙሪያ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቢያድግልኝ ወገባቸውን ዳበሱ። ከደፉ ወጥተው እርምጃቸውን እየቆጠሩ ሄዱ፤ ዘጠኝ ሲሉ ውሃው እግራቸውን ነካው።

"ቀዝቃዛ ነው" አሉ፣ ዞር ብለው።